የሹፌሩ ግድግዳ

በሰፈሩ «እመት ጥቅስ» ነው የሚሏት። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ጠፍቶ አይደለም፤ ሥራዋ ስሟን ዋጠው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀልና የሚለጠፍ ጥቅስ እያዘጋጀች ትሸጣለች። ለሳሎን የሚሆን አላት፣ ለመኝታ ቤት የሚሆን አላት፣ ለካፌና ለፀጉር ቤት አላት፤ ጥርሱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ተራ ለሚጠብቅ ሰው የሚሆንም አይጠፋም። አንዳንዱን ሸራ ላይ አትማ በእንጨት ክፈፍ ትወጥረዋለች። አንዳንዱን ደግሞ ማሽኗ ከስቲከር ላይ ፊደል በፊደል ይቆርጥላታል፤ እሷ መነጽሯን አድርጋ ቁጭ ትልና በየፊደሉ መሀል የተረፈውን በመርፌ ጫፍ እያነሳች ትልጣለች። በተለይ የ«ዐ»ን ሆድና እንደ «ሌ» ያሉትን የአምስተኛ ፊደሎች ቀለበት ሳይቀደዱ ማውጣት ዓይንም ትዕግሥትም ይፈልጋል። ሁለቱም አሏት።

ሱቋ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ ቁልፍ ቀራጭ መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት መሸጫ፣ ከኋላ መሥሪያ። አብሯት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ነው። መሰላሉን ተሸክሞ ሰው ቤት የሚሄደው፣ በውሃ ልክ እየለካ በእርሳስ የሚያሰምረው፣ የሚለጥፈው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ተናዳበት «አንተ ለጣፊ!» ብላ ጮኸች፤ ደንበኞች ሰሙ፤ ስሙ በዚያው ጸና። እሱም አልከፋውም።

ለጣፊው ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያነሳባት ነበር።

«እታለም፣ አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እኔ እለጥፋለሁ። የሚያነበውስ ማነው?»

«የገዛው ሰው ነዋ!»

«የገዛውማ የገዛ ዕለት ያነበዋል። ከዚያ ወዲያ ከግድግዳው ቀለም አይለየውም። ባለፈው ‹በዚህ ቤት ሁሉም ይደመጣል› የሚለውን ሄጄ ስለጥፍ፣ እኔ መሰላል ላይ ቆሜ እየሰማሁ ባልየው ሚስቱን አንድ ዓረፍተ ነገር አላስጨረሳትም።»

እመት ጥቅስ ትስቃለች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ነገሩ ከሆዷ አይወጣም። የምትጽፈው ነገር ቆንጆ መሆኑን ታውቃለች፤ የፊደሉን ቅርጽ ራሷ ናት የምትስለው፣ በመስመርና በመስመር መሀል ያለውን ክፍተት ደጋግማ ነው የምታስተካክለው። ሰው ይገዛል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ቃሉ እዚያ ቤት ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቀን ሄዳ አይታ አታውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ መጣች። ፀጉር ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ከመስታወቶቿ በላይ የተጻፈውን «ደክሞሽ ገባሽ፤ አምሮብሽ ውጪ» የሚለውን የሠራችላት እመት ጥቅስ ናት። እኩያሞች ናቸው፤ ቀልድ ይችላሉ። የዚያን ቀን ግን ፀጉር ሠሪዋ ቀልድ አልያዘችም። በሩን ተደግፋ ቆመች።

«አባዬ ከሆስፒታል ወጣ።»

«እሰይ! እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።»

«ወጣማ። ግን ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ንግግሩም ሄደ።»

እመት ጥቅስ መርፌዋን አስቀመጠች። የፀጉር ሠሪዋን አባት የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሁሉም «ሹፌሩ» ነው የሚለው። ያ ሰው ወሬ ሲጀምር መውረጃቸውን የሚያልፉ ተሳፋሪዎች ነበሩ። አንዳንዱ የራሱ አውቶቡስ ቆሞለት እያለ የሹፌሩን ይጠብቅ ነበር ይባላል። ምላሱ አያርፍም፤ ቀይ መብራት ላይ እንኳ ከጎኑ ከቆመው መኪና ሹፌር ጋር በመስኮት ይጫወታል።

«ሐኪሞቹ አእምሮው ደህና ነው ይላሉ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ይሰማል፣ ያነባል፣ ሁሉም ነገር ይገባዋል። አፉ ነው እምቢ ያለው። እስክሪብቶ ብንሰጠው በግራ እጁ ጭረት ብቻ ሆነበት። ስልክ ብንሰጠው ፊደሉ ከጉንዳን አይበልጥ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ወረወረው። አሁን ዝም ብሎ ግድግዳውን ነው የሚያየው። እና ቢያንስ ግድግዳው የሆነ ነገር ይበለው ብዬ ነው። የሚያበረታ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ናሙናዎቹን አገላበጡ። በመጨረሻ ፀጉር ሠሪዋ ጣቷን ያሳረፈችው ከሁሉም በላይ በሚሸጠው ላይ ነበር፤ በሁለት መስመር የሚጻፍ ነው። ከላይ «ሕይወት ውብ ናት»፣ ከሥር «ዛሬን በፈገግታ ኑር»። እመት ጥቅስ ይህን ጥቅስ ስንት ቤት እንደላከችው አታስታውስም። በጥቁር ስቲከር፣ ትልቅ አድርጋ ቆረጠችው፤ ለጣፊውም በማግስቱ ወስዶ ከአልጋው በግራ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ሲመለስ እንደ ወትሮው አላወራም።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም። ሰውየው ስሠራ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ስጨርስ አነበበውና ዓይኑን ጨፈነ።»

«ደክሞት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለና መሰላሉን ወደ ኋላ ክፍል ይዞ ገባ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ከሰዓት ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች፣ መንገዱን በሩጫ ተሻግራ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እህቴ፣ ጥቅሱን ንቀይልኝ። ዛሬውኑ።»

«ምን ሆነ? ተላጠ እንዴ?»

«አባዬ በምርኩዙ ይመታዋል። ጠዋት ይመታዋል፣ ማታ ይመታዋል። እናቴ ተናዶበት ነው ትላለች። እኔ ግን ልብ ብዬ አየሁት፤ ሁልጊዜ የሚመታው ሁለት ቃል ላይ ነው። መጀመሪያ ‹ሕይወት› ላይ፣ ቀጥሎ ‹ዛሬን› ላይ። ‹ሕይወት፣ ዛሬን›...» ማበጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ሕይወቴ ዛሬን ብቻ ናት ማለቱ እኮ ነው። እየተሰናበተን ነው!»

ለጣፊው ሌላ ሥራ ላይ ነበር። እመት ጥቅስ የሱቋን በር ቆለፈችና ከፀጉር ቤቱ አንድ ፀጉር ማድረቂያ ተዋሰች፤ ስቲከር በሙቀት ካልለሰለሰ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ነው የሚነሳው። የራሷን ጥቅስ ለማንሳት ሰው ቤት ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። መንገዱን ሁሉ ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ ቃሏ የታመመ ሰው አስከፋ ማለት ነው።

ፀጉር ሠሪዋም የደንበኛዋ ፀጉር እስኪደርቅ ብላ አብራት መጣች፤ የሹፌሩ ቤት በር ላይ የተቀበለቻቸው እናትየው ናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ በእግሯ ጣቶች ጫፍ እየሄደች አስገባቻቸው። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ዝም ብሏል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ መጋረጃው ተከድኗል፣ የኩሽናው በር ድምፅ እንዳያሰማ በጨርቅ ተወትፏል። ጎረቤት ቢመጣ በር ላይ ቆሞ «እግዜር ይማርልን» ብሎ በሹክሹክታ ይመለሳል። ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብሏላ! እናትየው ይህን ትእዛዝ አጥብቃ ይዛለች።

ሹፌሩ ትራስ ተደርድሮለት ቀና ብሎ ተቀምጧል። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጆሮው ትልልቅ ሰው ነው። የፊቱ ግማሽ ወርዷል፤ ዓይኖቹ ግን ልክ እንደ ድሮው ናቸው፤ የገባውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ይለቅማሉ። ምርኩዙን በግራ እጁ ይዟል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ጥቅሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ካልወደዱት አሁኑኑ አነሳዋለሁ» አለችው።

ሰውየው አንገቱን በኃይል ነቀነቀ። አዎ ይሁን አይ፣ አልታወቀም።

ማድረቂያውን ሰካች፤ ግድግዳው ሥር ተንበረከከች፤ ልታሞቀው ፊቷን አስጠጋች። እንግዲህ ሌላ ሰው ይህን ግድግዳ ሲያይ ቃል ነው የሚያየው። እመት ጥቅስ ግን ዕድሜዋን ፊደል በፊደል ስትልጥ የኖረች ናት፤ ቃል ከመምጣቱ በፊት ፊደሉ ነው ዓይኗ ውስጥ የሚገባ። ያየችውም ይህን ነው፦ የምርኩዙ ጫፍ ጎማ ነጩ ግድግዳ ላይ ግራጫ ጠባሳ ትቷል። ጠባሳው ግን «ሕይወት» የሚለው ላይ ሁሉ አልነበረም። «ወ» ዙሪያ ብቻ ነው። ከሥር ባለው መስመርም «ዛ» ንጹሕ ናት፣ «ን» ንጹሕ ናት። የ«ሬ» ቀለበት ግን በግርፊያ ብዛት ጫፉ ተነስቷል።

ማድረቂያውን አጠፋች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ ይድገሙልኝ።»

ሰውየው አያት። ምርኩዙን አነሳ። እየተንቀጠቀጠ «ወ» ላይ አሳረፈ። ዝቅ አደረገውና «ሬ» ላይ አሳረፈ።

«ወሬ?» አለች።

ሹፌሩ ምርኩዙን ለቀቀው። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወደ ትራሱ ጣለና ከደረቱ ውስጥ አንድ ድምፅ አወጣ፤ ለቅሶም ሳቅም የሆነ። ራሱን ደጋግሞ ወደ ታች ወደ ላይ አደረገ። አዎ ነው። አዎ፣ አዎ!

«ወሬ ነው የፈለጉት? ሰው እንዲያጫውትዎት?»

አዎ!

ፀጉር ሠሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ወሬ?» አለች፤ የመጀመሪያውን ቃል በሹክሹክታ ጀምራ ቀሪውን በሙሉ ድምፅዋ ጨረሰችው። «አንተ ሰውዬ፣ ወሬ ነው የጠማህ? እኔ እንዳይደክምህ ብዬ ይኸው አፌን ለጉሜ፣ ጎረቤት ከደጅ እየመለስኩ፣ በእግሬ ጣት እየሄድኩ ስሰቃይ! ቆይ ታዲያ! ቆይማ!» ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን አልጋው ላይ አወጣች። «ያ የማዶው ሰውዬ መኪና ገዛ። ገዛልህ፤ ግን ወደ ኋላ መሄድ አይችልም! ከግቢው ይወጣል፣ የረሳው ነገር ቢኖር ተመልሶ አይገባም፣ ሰፈሩን ዞሮ ነው የሚመጣ። ሚስቱ ጃንጥላውን ይዛ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ ሲያልፍ በመስኮት ታቀብለዋለች...»

ሹፌሩ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እንባው በጉንጩ ወረደ። እናትየው ተገድቦ እንደተለቀቀ ውሃ ነበረች፤ ከመኪናው ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ከዳቦ ቤቱ ወደ ዘመድ ጠብ ተሸጋገረች፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን እንደታረቀ። ፀጉር ሠሪዋ ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች። እመት ጥቅስ ማድረቂያዋን ታቅፋ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሰማች። መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም።

ሱቋ ተመልሳ ለወንድሟ ስትነግረው ለጣፊው ከት ብሎ ሳቀ።

«ታዲያ የፊደል ገበታ ስቀይላቸዋ» አላት በመጨረሻ።

አንድ ገበታ ሰቅለው ሞከሩት። አልሆነም። ፊደሎቹ ብዙ ናቸው፣ ተቀራርበዋል፤ የሰውየው እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ «ሻ»ን ሲፈልግ «ሸ»ን ይነካል፣ «ይ»ን ሲፈልግ «ያ»ን ይነካል። አንድ ሻይ ለማዘዝ ተጨቃጭቀው ሻዩ ሲመጣ ሰውየው ደክሞት ተኝቶ ነበር። እመት ጥቅስ ገበታውን አውርዳ ለብዙ ቀን ከወረቀት ጋር ታገለች። በኋላ መላው መጣላት። ከየረድፉ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ፣ እያንዳንዱን የመዳፍ ያህል አድርጋ፣ አራርቃ ትደረድራለች፤ ሰውየው «ሸ» እና «የ»ን ከነካ «ሻይ» መሆኑን የቤቱ ሰው ጆሮ ይሞላዋል። በየቀኑ የሚባለውን ነገር ደግሞ ፊደል እየለቀመ እንዳይደክም ሙሉውን ትጽፍለታለች። ለዚህ ግን ሰውየው ምን ይል እንደነበር ማወቅ አለባት።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሄዳ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ ሹፌሩ የአልጋውን ጠርዝ አንዴ ካንኳኳ አዎ፣ ሁለቴ ካንኳኳ አይ።

«ምን ምን ይል ነበር?» ብላ እናትየውን ጠየቀች።

«የማይለው ነገር ነበረ?» አለች እናትየው። «‹ራዲዮኑን ከፍ አድርጉት።›»

ጧ!

«‹ጨው አንሶታል።› ሳይቀምስ ነው ደግሞ።»

ጧ!

«‹እኔን ጠይቁኝ።› ‹ውሸት ነው።› ‹እሱን ሰውዬ እኔ አውቀዋለሁ።›»

ጧ! ሁለተኛ አንኳኩቶ አይ እንዳይሆንበት እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። ሁሉም ሳቁ።

«ከቤት የሚወጣውን ሁሉ ‹ግራ ቀኝ እያያችሁ› ይል ነበር» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ወደ ኩሽና ብሄድም ይለኝ ነበር።»

ጧ!

«‹አመሰግናለሁ›ንም ልጻፈው?» አለች እመት ጥቅስ።

ጧ፣ ጧ።

«እሱንማ ድሮም ብሎት አያውቅ!» አለች እናትየው። «ይጻፍ ልጄ፣ ይልመድ!»

ጧ፣ ጧ! ሰውየው የምር ተቆጣ። እመት ጥቅስ ሰረዘችው።

ስትወጣ ፀጉር ሠሪዋ እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። ቆም አለች፤ የበሩን መቀርቀሪያ በጣቷ ታንቀሳቅሳለች።

«አንድ ነገር ጨምሪልኝ። እናቴ ሳትሰማ።»

«ምን?»

«‹ልጄ፣ ኮርቼብሻለሁ።›»

እመት ጥቅስ ቀና ብላ አየቻት። «ብሎሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። ሰውን ሁሉ አውቶቡሱ ውስጥ ሲያጫውት ኖረ፤ ለእኔ ይህችን ቃል አጣ። ፀጉር ቤቱን የከፈትኩ ቀን መጥቶ በሩን አየና ‹ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል› ብሎኝ ሄደ። አሁን ግድግዳው ላይ ካለ ምናልባት አንድ ቀን ይነካው ይሆናል።»

«እኔ ከጻፍኩት እኮ የእኔ ቃል ነው የሚሆነው። ቢነካውም የሚነካው የእኔን ነው።»

የፀጉር ሠሪዋ ፊት ተለወጠ። «ለገዛ ሁሉ የምትጽፊው የማን ቃል ነው ታዲያ? የባለቤቱ ነው? ለእኔ ጊዜ ነው የከበደሽ?» አለችና በሩን ዘግታ ገባች።

ቃሉ ዘልቆ ገባ። እመት ጥቅስ ያን ቀን ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ናሙናዎቿን አየች። እውነትም እስካሁን ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ለማታውቀው ሰው ኑር ስትል፣ ፈገግ በል ስትል፣ ተዋደዱ ስትል ኖራለች። አሁን ምን ሊሆን ነው ምርጫ ያበዛችው? ማሽኑን አስነሳችና ዓረፍተ ነገሩን ቆረጠችው። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ልጣ ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ግን ሰውየው «አመሰግናለሁ» ሲባል እጁን ያንኳኳበት ሁኔታ ትዝ አላት። አፉ የተያዘ ሰው የቀረችለት እምቢታው ናት። በዚያች እምቢታው ላይ ደግሞ ከኋላው መጥታ ቃል ልትጨምርበት!

ለጣፊው መሰላሉን ሲያነሳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ። «ይህስ?»

«ተወው» አለችና ስቲከሩን ጨምድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

ሲለጥፉ የዋሉት ቅዳሜ ነበር። መጀመሪያ የድሮውን ጥቅስ በማድረቂያው እያሞቁ አነሱ፤ ቀጥሎ ለጣፊው በውሃ ልክ መስመሩን አወጣ። ፊደሎቹ መሀል ላይ፣ ምርኩዙ በሚደርስበት፤ የሹፌሩ ንግግሮች በግራና በቀኝ። እመት ጥቅስ ጌጥ አልነፈገችውም፤ ፊደሉን ደማቅ ሰማያዊ አደረገችው፤ ክቡ ክብ፣ እግሩ ወፈር ያለ፣ የሰውየውን ትከሻ የሚመስል። ለጣፊው የመጨረሻውን ሊለጥፍ ከመሰላሉ ላይ ሲንጠራራ ከኋላው ጧ የሚል ድምፅ ሰማና ዞረ። ምርኩዙ «ግራ ቀኝ እያያችሁ» ላይ አርፏል።

«እሺ ጋሼ» አለ ለጣፊው፤ ግራ ቀኝ አይቶ ወረደ። ሹፌሩ በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ።

ወደ ማታ ገደማ ፀጉር ሠሪዋ ከሥራ ተመለሰች። ለእመት ጥቅስ ሰላምታ ሰጠች፤ ግን ለአፏ ያህል ነው። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ የጠየቀችው እንደሌለ አየች። ቦርሳዋን አስቀምጣ የአባቷን ትራስ ልታስተካክል ጎንበስ አለች።

ሹፌሩ ምርኩዙን አነሳ። «ከ» ላይ አሳረፈ። ፈለገ፣ ፈለገና «ሰ»ን አገኘ። ከዚያ «ሸ»።

«ከ፣ ሰ፣ ሸ» አለች እናትየው ከበሩ ላይ። «ከሰሸ... ከሳሽ! ከሳሽ ነው የሚለው! አንተ ሰውዬ ማነው የከሰሰህ? ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ማን ይከሰዋል?»

ጧ፣ ጧ።

«ያ ባለመኪናው ሰውዬ ይሆናል» አለ ለጣፊው።

ጧ፣ ጧ! ሹፌሩ ትዕግሥቱ አለቀ። ደግሞ ነካቸው፤ ከ፣ ሰ፣ ሸ። ከዚያም ምርኩዙን ከግድግዳው አንስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ በልጁ ክንድ ላይ አሳረፈው። የሹራቧ እጅጌ ክንዷ ላይ ሰፍቷት ተንጠልጥሎ ነበር።

እመት ጥቅስ ቀድማ ገባት። «የፍርድ ቤቱ ከሳሽ አይደለም» አለች ለፀጉር ሠሪዋ። «አንቺን ነው። ከሳሽ፣ ቀጠንሽ ነው የሚልሽ።»

ጧ።

ፀጉር ሠሪዋ ክንዷን አየች፤ እንደ ሌላ ሰው ክንድ አየችው። አባቷ ከወደቀ ጀምሮ በቆመችበት ነው የምትበላው፤ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አትበላም። እናቷ አላየችም፣ ደንበኞቿም አላዩም። እሷም ራሷ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ አላየችም።

«እኔን ነው እንዴ?» አለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቅ ጀመረች፤ መሀል ላይ ተሰበረባት፤ አባቷ ትከሻ ላይ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች። ሹፌሩ በደህናው እጁ ጀርባዋን እንደ በር መታ መታ አደረገላት። እናትየው ማንም ሳያዛት ወደ ኩሽና ሄዳ ምግብ ማሞቅ ጀመረች፤ ሳህን ሲንኳኳ፣ እሷም ለብቻዋ ስታወራ ይሰማል።

እመት ጥቅስና ለጣፊው ዕቃቸውን ሰብስበው ሊወጡ ሲሉ ፀጉር ሠሪዋ ቀና ብላ «ወዴት ነው?» አለች፤ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ተቀመጡ እንጂ። እናቴ ለስንት ሰው እንዳሞቀች አልሰማችሁም?» በሁለቱ ሴቶች መሀል የነበረው ቅሬታ በዚሁ አለቀ፤ ስለ ዓረፍተ ነገሩም ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳም።

ሹፌሩ በኋላ ጥቂት ጥቂት ቃል መለሰ። አፉ ጥርት ብሎ አልተፈታም፤ ግን ጎረቤት ከደጅ መመለስ ቀረ፤ ቤቱም የሰፈር ወንዶች ጎራ የሚሉበት ሆነ። እናትየው አሁን እንቅልፍ የሚነሳት ጫጫታው ነው ትላለች፤ ስትል ግን ደስ እያላት ነው።

እመት ጥቅስ ያንኑ ሥራ ቀጠለች። «ሕይወት ውብ ናት» የሚለውንም መሸጥ አልተወችም፤ ሰው ይፈልገዋል፣ ለሚፈልገው ይሁንለት። ለአዲስ ደንበኛ ግን ጥያቄ አበዛች። ማነው የሚያነበው? ከየት ሆኖ ነው የሚያየው፣ ከአልጋ ነው ከወንበር? እዚያ ቤት ምን ይባላል? አንዳንዱ ደንበኛ «ጥቅስ ልገዛ እንጂ ልመረመር አልመጣሁም» ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ወንበሩን ስቦ ይቀመጥና ስለ ቤቱ ማውራት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ መርፌዋን አስቀምጣ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትሰማዋለች።